መድኃኒት የማይበግረው የሆስፒታል ፈንገስ

ሰው ወደ ሆስፒታል የሚገባው ለመዳን ነው። ካንዲዳ ኦሪስ የተባለው ፈንገስ ግን በሽተኛውን ብዙ ጊዜ የሚይዘው እዚያው ተኝቶ ሲታከም ነው።

ፈንገሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ታካሚ ጆሮ በተወሰደ ናሙና ነበር። ዛሬ ከሕንድ እስከ ኩዌት፣ ከደቡብ አፍሪካ እስከ አሜሪካ ተዛምቷል። በአሜሪካ በ2019 476 የነበረው የታማሚዎች ቁጥር በ2021 ወደ 1,471 አሻቅቧል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው ዝርዝር እጅግ አሳሳቢ ከሆኑት ፈንገሶች ተርታ መድቦታል።

አስጊነቱ ምኑ ላይ ነው? አንደኛ፣ የተለመደው ፍሉኮናዞል አብዛኛውን ጊዜ አይሠራበትም፤ አማራጭ መድኃኒቶቹም ጥቂት ናቸው። ሁለተኛ፣ በአልጋ ብረትና በሙቀት መለኪያ ላይ ለሳምንታት ይቆያል፤ አንዳንድ የጽዳት ኬሚካሎችም አይገድሉትም። ሦስተኛ፣ በተራ ላቦራቶሪ ከሌሎች ፈንገሶች ጋር ይምታታል። ስለዚህ የመመርመር አቅም በሌለበት አገር "አልተገኘም" ማለት "የለም" ማለት አይደለም።

ጤነኛ ሰው እምብዛም አይታመምበትም። ክንዱ የሚበረታው በፅኑ ሕሙማን ክፍል ባሉትና ቱቦ በተገጠመላቸው ላይ ነው። ሆኖም ሰው ሳይታመም በቆዳው ላይ ተሸክሞት ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል።

አዲስ መድኃኒት እስኪመጣ ዋናው መከላከያ ጽዳት ነው፦ የባለሙያው እጅ፣ የክፍሉ ዕቃ፣ የተያዘውን ለይቶ ማከም። እኛም በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ከመግባታችን በፊትም ከወጣን በኋላም እጃችንን እንታጠብ። ዚያራችን ለታማሚው ማጽናኛ እንጂ ሌላ ሕመም ይዞለት እንዳይሄድ።