ቫይታሚን ያላስቆመው የእርግዝና ደም ግፊት

ከዋሽንግተንም ይሁን ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ በሚጓዝ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ የቫይታሚን ዕቃ ብዙ ጊዜ አይታጣም። እህት ወይም ምራት ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ አንዱ ዕቃ ሁለትና ሦስት ይሆናል። ላኪው የሚልከው በፍቅር ነው፤ በላዩ ላይ «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ቃል ካነበበ እምነቱ ይጠነክራል። ሆኖም አንቲኦክሲዳንት የእርግዝና ደም ግፊትን ይከላከላል የሚለው ተስፋ በሺዎች በሚቆጠሩ እናቶች ላይ ተፈትኖ አልተሳካም።

ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ሕመም የሚታወቀው ከ20ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ የደም ግፊት 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆንና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ አለዚያም ኩላሊትን ወይም ጉበትን የመሰለ የአካል ክፍል ሲታወክ ነው። ሲብስ እናቲቱን ያንቀጠቅጣል፤ ራሷን ያስታል። በኢትዮጵያ ከደም መፍሰስ ጋር እናቶችን ከሚቀጥፉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

በጤናማ እርግዝና ለእንግዴ ልጅ ደም የሚያደርሱት የማህፀን ደም ሥሮች ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሰፋሉ። በፕሪኤክላምፕሲያ፣ በተለይም ቀድሞ በሚጀምረው ዓይነት፣ ይህ መስፋት ይጎድላል። ኦክስጅን አንዴ ሲያጥር አንዴ ሲመለስ፣ ሕዋሳትን የሚጎዱ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ሰውነት ሊያመክናቸው ከሚችለው በላይ ይበዛሉ። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ማለት ይኸው ነው። የተጎዳው እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮቿን ውስጣዊ ሽፋን ያውካሉ፤ ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ግፊቱ ያሻቅባል።

ታዲያ ፍሪ ራዲካልን የሚያመክኑትን ቫይታሚን ሲ እና ኢ መስጠት ማን ይቃወማል? በ1999 ለንደን ውስጥ በ283 እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ተስፋውን አጸናው፤ ቫይታሚን ካልወሰዱት ከመቶ 17ቱ፣ ከወሰዱት ግን 8ቱ ብቻ በሕመሙ ተያዙ። በ2006 ግን ከ2,400 በሚበልጡ እናቶች ላይ የተደረገው ትልቁ የብሪታንያ ጥናት ምንም ጥቅም አላገኘም። ይባስ ብሎ ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናት ቫይታሚን በወሰዱት ዘንድ በረከቱ። በዚያው ዓመት አውስትራሊያ፣ በ2010 ደግሞ አሥር ሺህ ያህል እናቶችን ያሳተፈው የአሜሪካ ጥናት ጥቅም እንደሌለው አረጋገጡ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2011 ሁለቱ ቫይታሚኖች ለዚህ ዓላማ እንዳይሰጡ መከረ።

ይህ ማለት የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ሐሳብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የደም ሥሮቹ ዕጣ የሚወሰነው ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ቫይታሚኑ የተጀመረው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛው ወር በኋላ ነበር። ነገር ግን የበሽታን መንገድ ማወቅና መንገዱን መዝጋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የቫይታሚን ማስታወቂያ የሚያደበዝዘውም ይህንኑ ልዩነት ነው።

የሚያስቆጨው፣ የሚሠሩት ነገሮች ርካሽና ማስታወቂያ የሌላቸው መሆናቸው ነው። ቀደም ሲል ፕሪኤክላምፕሲያ ለገጠማት፣ የቆየ ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባት ወይም መንታ ላረገዘች እናት፣ ሐኪም አይቶ በጊዜ የሚያዝላት አነስተኛ መጠን አስፕሪን አደጋውን ይቀንሳል። በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ለአደጋ የተጋለጡ እናቶች በቀን 150 ሚሊግራም ሲወስዱ፣ ከ37ኛው ሳምንት በፊት ለመውለድ የሚያስገድደው ፕሪኤክላምፕሲያ ከመቶ 4.3 ወደ 1.6 ወርዷል። ምግባቸው ካልሲየም ለሚያንሰው እናቶች ካልሲየም ይረዳል። ሕመሙ ከጸናም፣ በ33 አገሮች ተፈትኖ በ2002 ውጤቱ የታተመው ማግኒዥየም ሰልፌት የመንቀጥቀጥን አደጋ ከግማሽ በላይ ይቀንሳል።

ለነፍሰ ጡር ዘመድ መላክ የፈለገ ሰው በቫይታሚኑ ፋንታ ለእርግዝና ተፈትሾ የተመሰከረለት የደም ግፊት መለኪያ ቢልክ የተሻለ ነው፤ የቅድመ ወሊድ ክትትልን ባይተካም ቁጥሩን ያሳያል። መለኪያውም ከወሊድ በኋላ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ። ሕመሙ በአራስነት ሳምንታትም ይከሰታል፤ ያን ጊዜ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ የአራሷ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ግን «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል።