የሌዘሩን ሥራ ለዓይናችን አንስጥ



ሰሞኑን በየዶርሙ የሚዞር አንድ ወሬ አለ፤ «ሳይንስ አረጋገጠ! ሊፈርስ ያለ አቶም ሰው ካየው አይፈርስም» የሚል። ለዳዕዋ ማስረጃ ያደረጉትም አሉ። ይህ ማስረጃ ቢቀር ይሻላል ባዮች ነን።

ነገሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሚስራና ሱዳርሻን የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት በ1977 እ.ኤ.አ. ያልረጋ የኳንተም ሥርዓት ያለማቋረጥ ቢለካ ካለበት ሁኔታ እንደማይወጣ በሒሳብ አሳዩ። ስሙንም ከግሪኩ ፈላስፋ ከዜኖ ወሰዱለት። ቁልፉ ያለው መጀመሪያዋ ቅጽበት ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት የመፍረስ ዕድሉ የሚያድገው በጊዜው ስኩዌር ልክ ነው፤ ጊዜው በግማሽ ሲያጥር ዕድሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። እያንዳንዱ ልኬት ደግሞ ቆጠራውን እንደገና ከዜሮ ያስጀምረዋል። ቶሎ ቶሎ ከተለካ እንግዲህ ዕድሉ ማደጊያ ጊዜ ያጣል።

በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ኢታኖ፣ ዋይንላንድና ባልደረቦቻቸው 5,000 በሚያህሉ የቤሪሊየም አዮኖች ላይ ሞከሩት። በ256 ሚሊሰከንድ ውስጥ በሬዲዮ ሞገድ ተገፍተው ወደ ሌላ የኃይል ደረጃ መሻገር የነበረባቸው አዮኖች፣ በመሐል 64 ጊዜ የሌዘር ብርሃን ሲያርፍባቸው አብዛኞቹ ባሉበት ቀሩ። ልብ በሉ፤ የለካው ሌዘሩ ነው። ብርሃኑ ከአዮኑ ጋር ከተገናኘ ተመራማሪው ቡና ሊጠጣ ቢወጣም ውጤቱ ያው ነው። እዚህ የታገደው ደግሞ በሞገድ የተገፋ ሽግግር እንጂ በራሱ የሚመጣ መፍረስ አልነበረም።

በእውነት ያልረጋ ሥርዓት የተፈተነው በ2001 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከብርሃን ወጥመድ እየሾለኩ የሚያመልጡ የሶዲየም አቶሞች በአጭር በአጭር ጊዜ ሲለኩ ማምለጣቸው ዘገየ። በልኬቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ረዘም ሲል ግን ጭራሽ ፈጠነ! «ዓይን ያቆማል» ባዩ እዚህ ላይ ምን ሊለን ነው?

የዩራኒየም ኒውክሊየስ ሲሆን ያቺ የመጀመሪያ ቅጽበት እጅግ ከማጠሯ የተነሣ የትኛውም ጋይገር ቆጣሪ አይደርስባትም። ሌት ተቀን ቢቆጠር ግማሽ ዕድሜው አይነቃነቅም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ የፊዚክስ ተማሪ ዳዕዋ ላይ «የሰው ዓይን አቶም ያቆማል» ሲባል ቢሰማ፣ ቀጥሎ የምንነግረውን እውነት በየትኛው ጆሮው ይሰማናል? በሚቀጥለው የጀመዓ ፕሮግራም የፊዚክስ ዲፓርትመንት ልጆች ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ይሥሩልን፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።