ኤሊ ለማዳን ደግ ልብ አይበቃም

በ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ያልተለመደ ጭነት ያመላልሱ ነበር። ከኮስታ ሪካው የቶርቱጌሮ ዳርቻ የአረንጓዴ ባሕር ኤሊ እንቁላልና ጫጩት እየጫኑ በካሪቢያን ዙሪያ ላሉ አገሮች ያከፋፍላሉ። የዘመቻው ጠንሳሽ የሥነ እንስሳት ሊቁ አርቺ ካር ሲሆኑ፣ ኤሊ በጠፋባቸው ዳርቻዎች አዲስ መራቢያ እንዲቋቋም ተስፋ አድርገው ነበር። ተስፋው ግን አልሠመረም። በእነዚያ ጫጩቶች አዲስ መራቢያ ስለመፈጠሩ ማስረጃ አልተገኘም።

የኤሊ ጥበቃና ምርምር ማዕከል ለማቋቋም የሚነሡ ሰዎች ይህን ታሪክ ሊያጤኑት ይገባል። ብዙ ጊዜ በዕቅዱ ላይ ቀድመው የሚሰፍሩት መፈልፈያው፣ ገንዳውና የጎብኚዎች አዳራሹ ናቸው፤ ምርምሩ ገንዘብ ከተረፈ የሚታሰብ ነገር ይሆናል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ያለ ዕውቀት የሚደረግ ጥበቃ ገንዘብ ከማባከን አልፎ እንስሳውንም ሊጎዳ ይችላል።

ለዚህ ከሙቀት የበለጠ ምስክር የለም። የባሕር ኤሊ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። 29 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሁለቱም ይገኛሉ፤ ሙቀቱ ከዚያ ከፍ ሲል ሴቶች፣ ዝቅ ሲል ወንዶች ይበዛሉ። ከ1978 ጀምሮ ኬምፕ ሪድሊ የተባለውን ዝርያ ከመጥፋት ለመታደግ እንቁላሎቹ ከሜክሲኮ ወደ ቴክሳሷ ፓድሬ ደሴት ተወስደው በስታይሮፎም ሣጥን ይፈለፈሉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወንዶች በዙ። ሙቀቱ ከፍ እንዲል ሲደረግ ሚዛኑ ወደ ሴቶች አጋደለ። ምርመራው ባይኖር ኖሮ፣ በቅንነት የተሠራው ሥራ እንቁላል የሚጥሉ እናቶችን እያሳጣ በቀጠለ ነበር።

ዛሬ ችግሩ ተገልብጧል። በአውስትራሊያው ታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት፣ ለአቅመ መራባት ካልደረሱት አረንጓዴ ኤሊዎች ከ99 በመቶ በላይ ሴቶች መሆናቸውን አሳይቷል።

ምርምር ሲባል የግድ ውድ መሣሪያ ማለት አይደለም። በቶርቱጌሮ ሌሊት አንዲት ኤሊ ከባሕር ወጥታ ደረቅ አሸዋ እስክታገኝ ትድሃለች፤ በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ምሳ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች። ጉድጓዱን ስትደፍን ሠራተኞች ቀረብ ብለው በፊት መቅዘፊያዋ ላይ ቁጥር ያለው የብረት ምልክት ይሰኩባታል። ካር በ1950ዎቹ ይህን ሲጀምሩ ምልክቱን ለሚመልስ ሰው ጉርሻ እንደሚከፈል ጽፈውበት ነበር። ብዙዎቹ ምልክቶች ከኒካራጓ አጥማጆች እጅ ተመለሱ። በኮስታ ሪካ እንቁላል የሚጥሉት ኤሊዎች ቀለባቸው ያለው በኒካራጓ ባሕር ሣር ላይ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው። ኮስታ ሪካ ዳርቻውን በ1975 ብሔራዊ ፓርክ አድርጋ ብታጥረውም፣ ያ አጥር ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳው ይኸው ቁራጭ ብረት ነው።

ከምርምር ቀጥሎ ሁለተኛው የጥበቃ ምሰሶ የአካባቢው ሰው ነው። በ1980 የተጀመረው የብራዚሉ ታማር ፕሮጀክት፣ ቀድሞ እንቁላል ይለቅሙ የነበሩትን አጥማጆች ደመወዝ ከፍሎ ጠባቂ አደረጋቸው። ኤሊ የት እንደምትቀብር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና፣ ቅጥሩ የዕለት እንጀራቸውን ሳይነካ ዕውቀታቸውን ወደ ጥበቃው አዞረው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። አረንጓዴ ኤሊ ለመራባት ከሃያ ዓመት በላይ ሊፈጅባት ይችላል። የሦስት ዓመት በጀት ዛሬ የተለቀቀችውን ጫጩት እናት ሆና አያያትም። በቶርቱጌሮ ከ1971 እስከ 2003 የጎጆዎቹ ቁጥር ከአምስት እጥፍ በላይ እንዳደገ ተገምቷል። ቆጠራው እዚያ ላይ ቢቆም ድል ተብሎ በተዘጋ ነበር፤ ስለቀጠለ ግን ቁጥሩ ኋላ መልሶ ማሽቆልቆሉ ታወቀ።

እንግዲህ ማዕከል ለማቋቋም የሚያስብ መንግሥትም ሆነ ማኅበር፣ የሕንፃውን ዲዛይን ከማጽደቁ በፊት ቢያንስ ለሠላሳ ዓመት የሚዘልቅ የቆጣሪዎችና የጠባቂዎች ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ይወስን። አዳራሹ ቆይቶ ቢሠራ ምንም አይጎድልም።