የሚያመልጠው ሙቀት የማን ነው?

የካ አባዶ መብራት በጠፋ ቁጥር ከብሎካችን ሥር ያለው ዳቦ ቤት ጄኔሬተሩን ያስነሳል። ማርሚታው ያነጣጠረው ወደ ደረጃችን ግድግዳ ነው፤ እጅ ጠጋ ሲያደርጉበት ይለበልባል። በዚያው ሰዓት ጎረቤቶቼ ውሃ ለማፍላት ከሰል ያቀጣጥላሉ። ባለቤቱን «ይህ ሁሉ ሙቀት እንዲሁ ይውጣ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ዳቦ ነው» አለኝ።

የተማርኩት ሕግ ቢሆንም ሒሳቡ አይከብደኝም። አንድ ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይዟል። ሞተሩ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሲሶውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ነው። ሌላው ሲሶ ገደማ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ የቀረው በራዲያተሩና በሞተሩ አካል ይባክናል። ከጭሱ ሙቀት ግማሹን ውሃ በሚዞርበት ቱቦ ብንይዘው፣ እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ማለትም አንድ ጄሪካን፣ እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቃል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ትልልቅ መርከቦች ከሞተራቸው ጭስ እንፋሎት ያመርታሉ፤ የጭነት መኪኖቻችን ቱርቦም የሚሽከረከረው በዚሁ ጭስ ነው። ችግርም አለው። ጭሱን ከልክ በላይ ካቀዘቀዙት፣ ናፍጣው ውስጥ ካለው ድኝ የሚፈጠር አሲድ ቱቦውን ይበላዋል። ጥላሸቱ በየጊዜው ካልተጠረገ ደግሞ መተላለፊያው ይጠብና ሞተሩ ይታፈናል፤ ያተረፉት መስሎዎት ተጨማሪ ናፍጣ ያቃጥላሉ።

ዋናው ጥያቄ ግን ጄኔሬተሩ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል የሚለው ነው። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደል ብዙ ጄኔሬተሮች ቀኑን ሙሉ ያጓሩ ነበር፤ ያኔ ቢሆን ወጪውን የሚመልስ ነበር። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን ለእኛ ሰፈር የኃይል እጥረትን ማመካኘት ይከብዳል፤ የእኔ ጥርጣሬ ማከፋፈያ መስመሩ ላይ ነው። ለአንድ ሁለት ሰዓት ለሚነሳ ጄኔሬተር ቱቦና ታንከር መግጠም በገንዘብ መጫወት ነው። ከዋናው መስመር የራቀ የመንገድ ሥራ ካምፕ ግን ጄኔሬተሩ ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ ወጥ ቤትና ሻወርም አለው። ሥራ ተቋራጮች ይህን ባለመጠየቃቸው እገረማለሁ።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባን የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሥራ አድርጎታል። በእኛ ደረጃ ላይ የሚነካን ግን የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ሙቀቱ የዳቦ ቤቱ ይሁን፤ ግድግዳው የጋራችን ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሕፃናት በሚወጡበት ደረጃ ነው የሚያልፈው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ የሙቅ ውሃውን ሐሳብ ትቼ፣ ማርሚታው ከደረጃው ርቆ ከጣሪያ በላይ እንዲወጣ አጀንዳ አስይዣለሁ። ባለ ዳቦ ቤቱ ከአሁኑ «የቱቦውን ዋጋ ማን ይከፍላል?» እያለ ነው።