የመጠበቅ ሒሳብ በማን መዝገብ ይጻፍ?

በመስከረም 2016 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ አንድ ማለዳ ከይጁቤ ስልክ ተደወለልኝ። የአጎቴ ልጅ ናት። ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ «ጋሼ፣ እስክሪብቶ ይዘሃል?» አለችኝ። ያዝኩ። የፈተና መለያ ቁጥሯን አንድ በአንድ እየጠራች አስጻፈችኝ። ስንጨርስ ስልኩ ለጎረቤቷ ልጅ ተላለፈ፤ ከእሱ ለሌላው፤ ከሌላው ለሌላዋ። ዐሥራ አንድ ቁጥር ጻፍኩ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበረ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ማወቅ የፈለገ ልጅ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ይደውላል። ዘመድ የሌለው ደግሞ ከባለዘመዱ ስልክ ሥር ተራ ይጠብቃል።

ከዐሥራ አንዱ መካከል የማለፊያውን ነጥብ ያገኘችው የአጎቴ ልጅ ብቻ ነበረች። ለዐሥሩ ምን ብዬ እንደነገርኳቸው ይቅር። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት 845,099 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቁጥር 1,328 ደርሶ ነበር። እንግዲህ ከዐሥራ አንድ አንድ ያሳለፈው የይጁቤው ሰልፍ ከአገሪቱ አማካይ በብዙ የበለጠ መሆኑ ነው¡

የዚህ ጽሑፍ ጠብ ግን ከፈተናው ጋር አይደለም። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲሰጥ መደረጉ ኩረጃን ለማስቀረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። የወደቀው ይውደቅ፣ ያለፈው ይለፍ። የእኔ ጠብ ካለፈው ጋር ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ ያለፈችው ልጅ ካለፈች በኋላ ከሆነባት ጋር።

ልጅቱ የምትፈልገው ሒሳብ አያያዝ መማር ነው። ይህ ምኞት ከሰማይ አልወረደባትም። አባቷ ትንሽ ያርሳሉ፣ ትንሽ እህል ይነግዳሉ። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የዱቤ ደብተራቸውን የምትይዘው እሷ ናት። ማን ስንት ኩንታል ጤፍ እንደወሰደ፣ ስንቱን እንደከፈለ፣ ስንቱ እንደቀረበት፤ ለእያንዳንዱ ባለዕዳ አንድ ገጽ። አጎቴ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ደብተሩን ገልጠው አያዩም። «እሷን ጠይቁ» ይላሉ።

ውጤቱ ወጣ። ከዚያ ምደባ ተጠበቀ። ምደባው መጣ። ከዚያ የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ጥሪ ተጠበቀ። (የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ የአንዱ ብቻ ጠባይ ቢሆንማ ይህን ሁሉ ቀለም ባልጨረስኩ።) በዚያ ዓመት በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት የተነሣ በክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ሳይጠሩ ለወራት መቆየታቸው የሚታወስ ነው። ጥሪው ሲመጣ ደግሞ ገና የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው። የሒሳብ አያያዝ ክፍል መግባት አለመግባቷ የሚታወቀው ዓመቱ አልቆ፣ ውጤቷ ተደምሮ፣ ምርጫዋ ከሌሎች ምርጫ ጋር ተወዳድሮ ነው። አንዲት ልጅ አንድ ትምህርት ለመማር አራት ጊዜ ትጠብቃለች ማለት ነው፤ ውጤት፣ ምደባ፣ ጥሪ፣ የትምህርት ክፍል። ከአራቱ አንዱም አስቀድሞ የተነገረ ቀን አልነበረውም።

አሁን ወደ አጎቴ ቤት እንግባ። ጤፍ ከአውድማ ወጥቶ ገበያው በሚጠግብበት በታኅሣሥና በጥር አጎቴ ገንዘብ በእጃቸው መኖር አለበት። ያኔ በርካሽ የገዙትን ነው በክረምቱ ዋዜማ የሚሸጡት፤ ንግዳቸው ይኸው ነው። በዚያ ዓመት ግን ገንዘቡ ታስሮ ተቀመጠ። ለመሳፈሪያ፣ ለፍራሽ፣ ለብርድ ልብስ፣ ለሻንጣ፣ ለኪስ። ጥሪው ነገ ቢመጣስ? ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያም አልመጣም። የጤፉ ዋጋ ግን ጥሪ አይጠብቅምና ወጣ።

ልጅቱስ? ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የሸቀጥ ሱቅ ሒሳብ ያዥ ፈልጎ ጠየቃት። እሷም እውነቱን ተናገረች፤ «ጥሪ ሲመጣ ጥያችሁ እሄዳለሁ» አለች። ሌላ ሰው ቀጠሩ። እውነት መናገር እንዲህ ያከስራል። ከማሳው አንዱን ክፋይ ለእኩል አራሽ መስጠት አለመስጠትም እሷ መኖር አለመኖሯ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ፤ አረምና አጨዳ ላይ የእሷ እጅ ይቆጠራልና።

ይህንን የቀረ ገቢ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያው ሴሚስተር ያስተምሩታል። «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ይሉታል። አጎቴ «የቀረብኝ» ይሉታል። አስገራሚው ነገር ይህንን የሚያስተምረው ተቋም ራሱ ተማሪውን ደጅ በሚያስጠናበት ጊዜ «የቀረበት»ን የሚጽፍበት መዝገብ የሌለው መሆኑ ነው። የመብራቱን፣ የውኃውን፣ የመኪናውን ነዳጅ ይመዘግባል። የጠባቂው ጊዜ ግን ወጪ አይደለም፤ ነፃ ነው። ከማን የተገኘ ስጦታ እንደሆነ የጠየቀ ኦዲተርም አልሰማሁም።

ይህ የሆነው የት እንደሆነ ደግሞ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ይጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዐባይ በኩል። ባሶ የሚለው ስም ዛሬ ከወረዳው ነዋሪ በቀር ለብዙ ሰው ምንም አይነግረውም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ባሶ ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከእናርያና ከአካባቢው የሚነሣ ሲራራ ነጋዴ ዐባይን ተሻግሮ ቡናውን፣ ወርቁን፣ ዝባዱን፣ የዝሆን ጥርሱን ያራግፍበት ነበር። ከሰሜን የሚመጣው ነጋዴ ደግሞ አሞሌ ጨው ይዞለት ይመጣል። ሰውም እንደ ከብት ይሸጥበት ነበር፤ የገበያውን ዝና ስናነሣ ይህንን መዋጥ ነውር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842 በጎጃም የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ገበያውን አይቶ ጽፎለታል። አሞሌው እንደ ገንዘብ የሚያገለግል ነውና ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲጓዝ ዋጋው ይለዋወጣል፤ ነጋዴው ይህንን በቃሉ ማስላት፣ የኬላውን ቀረጥ መገመት፣ የዐባይን ሙላት መቁጠር ነበረበት። ክረምት ሳይገባ ያልተሻገረ ወዲያ ማዶ ይከርማል። ቀን ማወቅ የሙያው ግማሽ ነበር።

«እንግዲያውስ ትምህርት ቤቱ ይቅርና ልጅቱ አጋሰስ ትንዳ!» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አላልኩም። የአዲስ አበባው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ሁላችንም «ኮሜርስ» የምንለው፣ በ1935 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ያፈራቸው ሒሳብ ያዦችና ጸሐፊዎች ባይኖሩ ኖሮ ባንኩም መሥሪያ ቤቱም እንዴት ይቆም እንደነበር እንጃ። የምለው ሌላ ነው። የንግድ ትምህርት ከሌላው ትምህርት የሚለየው ጊዜን በገንዘብ መመዘን ማስተማሩ ነው። ይህንን የሚያስተምር ቤት በጊዜ ላይ ሲቀልድ፣ የሕክምና መምህር እጁን ሳይታጠብ ቁስል እንደመንካት ነው።

በእኔም ደርሷልና እናገራለሁ። እኔ በተፈተንኩበት ዘመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቅበላ ሰባ በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ተደልድሎ ነበር። የንግድ ትምህርት ዕጣው ከሠላሳው ውስጥ ነው። ለእኔ አልደረሰኝም፤ ነጥቤም የሚያወላዳ አልነበረም። ስለዚህ ወደ አንድ የግል ኮሌጅ ሄጄ ለማኔጅመንት የማታ ትምህርት አመለከትኩ። የማመልከቻ ተከፈለ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ተሰጠ። «በማስታወቂያ ሰሌዳ ይወጣል» ተባልኩ። ሰሌዳውን ክረምቱን ሙሉ ተመላለስኩበት። በጎኑ ኮሌጁ ራሱ የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ሥልጠና ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፤ «የደንበኛ አያያዝ» ይላል። እሱን በቃሌ ያዝኩት። ወደ ኅዳር ገደማ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አዘነችልኝና «ልጄ፣ እሱ ክፍል እኮ ሰው ስላልሞላ ዘንድሮ አልተከፈተም» አለችኝ። የሬጅስትራሩን ሥራ የሠራችው እሷ ናት። እግዜር ይስጣት።

በዚያው ሰሞን ያመለከትኩበት ሌላ ቤት በጋዜጠኝነት ተቀብሎኛል የሚል ወረቀት ላከልኝ። ጋዜጠኛ የሆንኩት መልሱ ቀድሞ ስለመጣ ነው። ሙያዬን ወድጄዋለሁ፤ ዳሩ ግን ስንቱ ሐኪም፣ ስንቱ መምህር፣ ስንቱ የባንክ ሠራተኛ እንደኔ መልስ ቀድሞ በመጣበት በኩል እንደገባ ባውቅ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ ጉዳይ ያጫወትኩት አንድ ወዳጄ (በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል) «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» አለኝ። ተረቱ መልካም ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ሚስትም ብትሆን የምትጠየቀው በቀጠሮ መሆኑን ወዳጄ ዘነጋው። በይጁቤ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ የልጅቱ አባት ወዲያው እሺም እንቢም አይልም። «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀን ይቆርጣል። በቀኑ ሽማግሎቹ ይመለሳሉ፤ ወይ ይሰጣቸዋል፣ ወይ በክብር ይሸኛቸዋል። መልሱ እንቢታ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ያፈረሰ አባት ግን ስሙ በቀበሌው ይነሣል። ልጁም እንቢ መባሉን ባወቀ ማግሥት ሌላ በር ያንኳኳል። እንግዲህ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ለማያውቀው እንግዳ የሚያደርገውን፣ ባለ ብዙ ዶክተር ተቋም ለገዛ ተማሪው ማድረግ አቃተው ማለት ነው።

ወዳጄ ቀጠለ። «የአመልካቹ ብዛት! የሰው ኃይል ማነስ! የኔትወርክ ችግር! ደግሞስ ጦርነት ነበር።» የመጨረሻውን እቀበላለሁ፤ ጦርነቱን በሬጅስትራሩ ጫንቃ ላይ አልጭነውም። ነገር ግን ‹እስከዚህ ወር ድረስ አንጠራችሁም፤ ሥራ ያገኘ ይሥራ› ብሎ በሬዲዮ ማስነገር ምን ጦርነት ያግደዋል? «ገና ነው» ማለት እኮ መልስ ነው። ዝም ማለት ነው መልስ ያልሆነው።

ብዛትን በተመለከተ ከብዛት ጋር የሚኖሩ ሌሎችም አሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 የተቋቋመው የሃርቫርድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ከመላው ዓለም ብዙ ሺህ ማመልከቻ ይቀበላል፤ የሚመልሰው ከሚቀበለው እጅግ ይበዛል። ነገር ግን አመልካቹ ቅጹን ሳይሞላ መልሱ የሚነገርበትን ቀን ያውቃል። በመስከረም ዙር ያመለከተ በታኅሣሥ ይነገረዋል። ሃርቫርድን የጠቀስኩት ገንዘቡን ወይም ሕንፃውን አምጡ ለማለት አይደለም። ቀን መጻፍ ሕንፃ አይጠይቅም።

ጉዳዩ ከእንግዲህ የሚብስ እንጂ የሚቀል አይመስለኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ አመልካቾቹን በራሱ ፈተና መምረጥ ጀምሯል፤ ሌሎችም እንደሚከተሉት ተነግሯል። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክተውም የመግቢያ ፈተና አለበት። ተቋማት የሚፈልጉትን ራሳቸው መምረጣቸውን እደግፋለሁ፤ ከጅምላ ምደባ ይሻላል። መምረጥ ግን ግዴታ አለው። የመረጠ፣ ያልመረጠውንም አልመረጥኩህም ማለት አለበት። ስለዚህ የምጠይቀው ጥቂት ነው፦ በማመልከቻው ቅጽ ግርጌ መልስ የሚሰጥበት ቀን ይታተም። ቀኑ ካለፈ የማመልከቻው ገንዘብ ይመለስ። ያልተቀበሉት በአንድ መስመር ምክንያቱ ይነገረው፤ ነጥብ ነው? ቦታ ነው? ክፍሉ አልተከፈተም? ይህንን የማይችል የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ምን ሊያስተምር ነው?

ባለፈው ጊዜ ይጁቤ ወርጄ ነበር። ልጅቱ በመጨረሻ ሄዳለች፤ የመረጠችውንም ክፍል አግኝታለች። አጎቴ አረቄ ቀድተውልኝ ስንጫወት ድንገት ያን የዱቤ ደብተር አወጡና «ይኸንን አይተኸዋል?» አሉኝ። ከመሄዷ በፊት አንድ ገጽ ከፍታ ኖሯል። ባለዕዳው በሚጻፍበት ቦታ የዩኒቨርሲቲው ስም አለ። ከሥሩ በእሷ ጥንቁቅ እጅ፦ በጥር ሳይገዛ የቀረ ጤፍ፣ ይህን ያህል ኩንታል። የሱቅ ደመወዝ፣ ይህን ያህል ወር። ለስልክ ካርድ፣ ይህን ያህል። ከጎኑ «የተከፈለ» የሚለው ዓምድ ባዶ ነው።

አጎቴን ገጹን ለምን እንዳልቀደዱት ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «ያልተከፈለ ገጽ ይቀደዳል እንዴ?» አሉኝ።