«ምን የምትደብቂው አለ?»

ሲኒማ ራስ አካባቢ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ «ፓተርን ትከፍታላችሁ?» የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ ጠያቂው የራሱን የረሳ ሰው ነው። አንዳንዴ ግን ስልኩ የሌላ ሰው መሆኑ ከሚከተለው ቃል ይታወቃል፦ «ውስጡ ያለው እንዳይነካ፤ ደግሞ ቶሎ በሉልኝ፣ ከሥራ ሳትወጣ።»

ጠጋኙ ለዚህኛው ደንበኛ ብዙ የሚያደርግለት ነገር የለም። ስልኩ ፎርማት ከተደረገ ፎቶውም መልእክቱም አብሮ ይጠፋል። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ደግሞ በግድ ፎርማት የተደረገ ስልክ ተመልሶ የቀድሞውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ሰብሮ መግባት ከብዷል።

የቤት ሰው ግን መስበር አያስፈልገውም፤ በሩን የሚከፍትለት ባለቤቱ ራሱ ነው። አዲስ ስልክ ሲገዛ ጂሜይሉን የሚከፍተው ሻጩ ወይም ነገሩን ያውቃል የተባለው ልጅ ነው። የይለፍ ቃሉንም እሱ ያወጣል፤ እናት ስልኳን ተቀብላ ትሄዳለች። ያው አካውንት በልጁ ላፕቶፕ ክሮም ላይ ገብቶ ሲንክ ከተደረገ፣ እናት በስልኳ ክሮም የጎበኘችው ገጽና ያስቀመጠችው የይለፍ ቃል ሁሉ እዚያ ይታያል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሊሰልል ያሰበ ሰው የለም።

ሲም ካርድም እንዲሁ ነው። በወንድም ወይም በባል ስም በወጣ ቁጥር የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። ባለስሙ መታወቂያውን ይዞ ምትክ ሲም ቢያወጣ የቴሌግራም ኮድ የሚገባው ለእሱ ነው። ይህን የሚያግደው ከኮዱ ሌላ ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነው።

ይህ ማረጋገጫ ከሌለ ቴሌግራምን በኮምፒዩተር ለመክፈት ደግሞ ያልተቆለፈ ስልክና አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሚስት ቡና እያፈላች ሳለ ባል ላፕቶፑ ላይ የወጣውን ኪውአር ኮድ በስልኳ ስካን ያደርጋል፤ ስልኩንም ወደነበረበት ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ስልኩን መንካት አያስፈልገውም። አዲስ መሣሪያ መግባቱን የሚናገር መልእክት ከቴሌግራም ይመጣል፤ እሱን ማጥፋት ግን ቀላል ነው። ዋትስአፕም እስከ አራት ተጨማሪ መሣሪያ ያገናኛል።

ከዚህ አልፈው የስለላ መተግበሪያ የሚጭኑ አሉ። «ስቴልዝጂኒ» የተባለውን የሸጠው ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ 500,000 ዶላር ተቀጥቷል። «ስፓይፎን» የተባለውን ድርጅት ደግሞ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን በ2021 ከዚህ ሥራ አግዶታል። ድርጅቱ በድብቅ የሰበሰበውን መረጃ በአግባቡ ባለመጠበቁ ለመረጃ ሰርሳሪዎች አጋልጦት ነበር። ሚስቱን ሊሰልል የከፈለ ባል የሚስቱን ገበና ለማያውቀው ሰው ጭምር አስረክቧል ማለት ነው።

የእኛም ሕግ ለትዳር የተለየ በር አልከፈተም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚያደርጋቸው ግንኙነቶች እንዳይደፈሩ መብት ይሰጣል። የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ሆን ብሎ ያለፈቃድ የሰው ኮምፒዩተር ውስጥ የገባን እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል ይላል። ሚስትን ወይም ባልን ነጥሎ ያወጣ ቃል የለበትም።

ያም ሆኖ እቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር ሕግ አይጠቅስም። «ምን የምትደብቂው አለ?» ይባላል፤ ዝም ያለች ደግሞ እንዳመነች ይቆጠራል። ስልኩ ውስጥ ያለው ግን የእሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የእህቷ የሐኪም ውጤት አለ፤ የጓደኛዋ የፍቺ ወሬ አለ፤ የዕቁብ ጸሐፊ ከሆነች ማን እንዳልከፈለ አለ። እነዚህ ሰዎች የነገሯት ለእሷ እንጂ ለባሏ አይደለም። ባልም ቢሆን የወንድሙን ዕዳ ለሚስቱ የማሳየት ግዴታ የለበትም።

የትንሽ ልጅ ነገር ይለያል፤ ወላጅ መከታተል አለበት። የጉግል «ፋሚሊ ሊንክ» ልጁ ክትትል እንዳለበት ከስልኩ ላይ እያየ የሚሠራ ነው። ቁጥጥር ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ስለላ አይባልም።

አንድ ኮምፒዩተር የሚጋራ ቤተሰብ ለየሰዉ የራሱን የዊንዶውስ አካውንት ቢከፍት ወጪ የለውም። ሲነሱ የዊንዶውስን ቁልፍና «ኤል»ን አንድ ላይ መጫን ስክሪኑን ይቆልፋል። ቴሌግራም ላይም ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የመሣሪያዎችን ዝርዝር ማየት ይቻላል፤ የማያውቁት ላፕቶፕ ካለ እዚያው ማስወጣት፣ ወዲያውም የስልኩን ፓተርን መቀየር ነው። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ የማን እንደሆነ ሲታወቅ፣ ጠያቂዋ ሚስት ትሆናለች።