እኔንስ ማን ጠየቀኝ?

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት ምሳ ተበልቶ ቶናው ሲቀዳ ልጇ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አክስቴ፣ ጌታ ወደ ደቡብ ኦሞ ቆላ እየጠራኝ ነው» አለኝ። ወንጌል ያልደረሰበት መንደር ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ሊተክል ነው። ከባንክ ሥራው የሚለቅበትን ደብዳቤ ጽፎ ጨርሷል። አባቱ ተነሥቶ ባረከው፤ እናቱ አለቀሰች። ሚስቱ ግን ቀና ሳትል ሲኒ መሰብሰብ ጀመረች። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የሦስት ዓመት ልጅም አለቻቸው።

ተከትያት ጓዳ ገባሁ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እትዬ፣ እሱን ጌታ ጠራው። እኔንስ ማን ጠየቀኝ? የጠየቁኝ የመጀመሪያዋ እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በጥሪ አልቀልድም። ሐኪሙ ቶማስ ላምቢና ጓደኞቹ በ1920 ዓ.ም. ወላይታ ገቡ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት የወላይታ አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ጠበቃቸው። ሥራውን የሠሩት የአገሩ ገበሬዎች ናቸው። ኋላም ከነሚስቶቻቸው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና እዚያው ደቡብ ኦሞ ወዳለው አሪ ድረስ ተሻግረዋል። ስለዚህ የእህቴን ልጅ «አብደሃል» ልለው አልችልም።

ነገር ግን ሌላም ያየሁት አለ። በወጣትነቴ አንድ ቆላ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ ከደጋ የመጣ ወንጌላዊ የሁለት ዓመት ልጁን ታቅፎ ጤና ጣቢያችን ደረሰ። ትኩሳቱ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ልጁ ሳይነጋ አረፈ። እናትየው አልጮኸችም። «በመጀመሪያው ቀን እንሂድ ብዬው ነበር» ብቻ አለችኝ። አባትየው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ወደዚያ አገር ሲመጣም፣ እዚያ ከገባ በኋላም ቃሏን መስማት አልለመደም።

ወባ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቦታ ነው። ደጋ ያደገ ሰው በሽታውን የለመደ ሰውነት የለውም። ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም ነፍሰ ጡርንና ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ነው። ትኩሳት ከታየ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር ያስፈልጋል። ጤና ጣቢያው በእግር የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ ይህን ሳይሄዱ በፊት ማሰብ ነው።

ከጓዳ ስመለስ ለልጁ የሚከተለውን ነገርኩት። ጳውሎስና በርናባስ እንኳ ብድግ ብለው አልሄዱም፤ የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ጾማና ጸልያ፣ እጅ ጭና ነው የላከቻቸው። አንተም ሸክምህን ለሽማግሌዎች አቅርብ። በየወሩ ማን ያግዝሃል? ስትታመም ማን ይደርስልሃል? ብለህ ጠይቅ። ሚስትህ በሰላም ትውለድ፤ ሕፃኑም የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባቱን ይውሰድ። እስከዚያ ብቻህን ደርሰህ ተመለስ። ሐመር፣ ዳሰነች፣ ሙርሲ እያንዳንዱ የራሱ ቋንቋ አለው። ወንጌል አልደረሰበትም ማለት ሽማግሌ የለበትም ማለት አይደለም፤ ሰብከህ ሳይሆን አስፈቅደህ ጀምር። መድኃኒትም ብትወስድ ለሚያምነውም ለማያምነውም እኩል ስጥ። ከሁሉ በፊት ግን ሚስትህን ጠይቅ፤ እንቢ ማለት እንደምትችል አውቃ ትመልስልህ።

«አክስቴ፣ እምነትሽ እንዲህ ቀዝቅዟል?» አለኝ። ተቀያይመን ተለያየን።

ረቡዕ ማታ ሚስቱ ደወለች። ደብዳቤውን አላስገባም። ቅዳሜ ሁለቱም ሽማግሌዎች ፊት ይቀርባሉ። «እትዬ፣ እሺ ልለው እችል ይሆናል። ግን ከወለድኩ በኋላ አገሩን መጀመሪያ በዓይኔ ልይ ብዬዋለሁ» አለችኝ። እሱስ ምን አለ ብላት፣ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ» አለ አለችኝ።

እኔም ሁለት አጎበር ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ከሄዱ ይወስዱታል።